ስድስት መቶ ዋት

ዊረሙ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ አሮጌ ሃይስ ገዛ፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸት፣ በሩ የማይገጥም፣ ቀለሙ ፈዛዛ።
ወንበሮቹን ነቃቅሎ አልጋ ሠራ፣ እኔ መጋረጃ ሰፋሁ፣
መዶሻ ይዞ ሲያፏጭ ከስንት ዘመን በኋላ አየሁ።

እንጨት መሰንጠቂያ ቤት አርባ ዓመት የኖረ ሰው፣
“ኃይል” ሲባል የሚገባው ግንድ የሚጥል መጋዝ ነው።
“ሦስት ሺህ ዋት ይሁን!” አለ፣ ሻዩን ሳያስቀምጥ፣
“ኢንቨርተር ከገዙ አይቀር፣ ለማንም የማያጎነብስ፣ የማይደነግጥ።”
እኔ ዝም። የመብራት ደረሰኝ ገልብጬ፣ መነጽሬን ፈልጌ፣
የምንሰካውን ሁሉ ጻፍኩ፣ ሥር በሥሩ አድርጌ፦

የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት ሺህ።
የፀጉር ማድረቂያ፣ ሺህ ሁለት መቶ።
ዳቦ መጥበሻ፣ ስምንት መቶ።
ላፕቶፕ፣ ስልሳ። ስልክ፣ አሥር ብንለው።
የስፌት መኪናዬ፣ ዘጠና።
የዊረሙ መተንፈሻ፣ አርባ፤ ግን ሌሊቱን በሙሉ።

ደመርኩት፤ አራት ሺህ ሁለት መቶ። የሱም ሦስት ሺህ አልበቃ!
ቆይ፣ ፀጉሬን እያደረቅሁ ቀሚስ ልሰፋ ነው? አልኩና ሳቅሁ ለብቻ።
ከዚያ መሰረዝ ጀመርኩ።
ማንቆርቆሪያው ወደ ጋዙ ሄደ።
ማድረቂያዬም ሄደ፤ የሆኪቲካ ነፋስ
እንኳን ፀጉር፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ይነቅላል።
ዳቦ መጥበሻው ላይ እጄ ዘገየ። ዊረሙ ይወደዋል።
ሰረዝኩት።

ግሬይማውዝ ሱቅ ገባን፣ ዝናቡ እንደ ልማዱ።
ብሮዲ የሚባል ልጅ፣ ጢሙ ገና መብቀሉ፣
ትልቁን አወረደ፣ እንደ መንገደኛ ሻንጣ በሁለት እጁ።
“ትልቅ አይጎዳም” አለን።
“ይጎዳል” አልኩት። “ሥራ ሲፈታም ይበላል፣
ምንም ሳንሰካበት ከባትሪው ሲቀዳ ያድራል።
ያለን አንድ ባትሪ ነው፣ ያውም መቶ አምፔር ሰዓት፤
ጎተራው ጠባብ ሆኖ አፉን ማስፋት ምን ሊረባን?”
ዊረሙ የማያውቀኝ ሰው መስሎ የጣሪያውን አምፖል አየ።

ልጁ ትንሹን አመጣ። ስድስት መቶ፣ ዋጋውም ግማሽ።
“ሞገዱስ?” አልኩት።
“ደረጃ፣ ደረጃ ነው” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
“ባሌ የሚተነፍሰው በደረጃ አይደለም።
ያንኑ ስድስት መቶ፣ ለስላሳውን ሞገድ ስጠኝ።”
ውድ ነበር። ከፈልኩ።
ወፍራም ሽቦ፣ አጭር፤ ፊውዙ ከባትሪው ሥር።
እሱን ዊረሙ ራሱ አሰረው፣ እጁ እንደ ድሮው ሳይንቀጠቀጥ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ኦካሪቶ ዳር አቆምን።
አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች፣
በጭንብሉ ውስጥ ነፍሱ ወጣች ገባች፣ ወጣች ገባች።
አምና ክረምት ነው፣ ትንፋሹ ቀጥ ሲል የቆጠርኩት፣
አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ሃያ ስድስት፣ ከዚያ በክርኔ የጎሸምኩት።
ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፌ የሱ ዘብ ነበረ፣
አሁን አርባ ዋት ተረክቦኝ፣ ትከሻዬ ቀልሎ አደረ።

ጎህ ሲቀድ ጩኸት ቀሰቀሰኝ።
ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!
አረንጓዴዋ የለችም፣ በቦታዋ ቀይ።
ዊረሙ በሙታንታ ቆሟል፣ ፀጉሩ ተንጨባሮ፣
አጠገቡ ባዶ የጫማ ሣጥን፣
በእጁ ዳቦ መጥበሻው፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦ እንደጎረሰ።
“ናይሪ” አለኝ፣ “ስምንት መቶ
ከስድስት መቶ ይበልጣል ለካ።”

መልስ አልሰጠሁትም። ጋዙን ለኮስኩ፣
ዳቦውን በሹካ ወግቼ አቀበልኩት።
ባሕሩን እያየ አንዱን ጎን አሳረረው።
በላው።