የሸጥኩት አሸዋ

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከጀውሃ ዳርቻ፣
እንጀራ ያበላኝ አካፋዬ ብቻ።
ገልባጩ መኪና ኋሊት ሲጠጋልኝ፣
ያ የአሸዋ ጉብታ ወርቅ መስሎ ይታየኝ።
ሙህዬ ከወዲያ፣ እኔ ወዲህ ቆመን፣
የደብረብርሃንን ፎቅ ስናበላ ከርመን፣
ቅጭ ብሎ አንድ ቀን አካፋዬ ቆመ፤
ከጥቁር ባልጩት ጋር ጣቴ ተሳለመ።
ጉድ ነው፣ አልጣልኩትም፣ በኪሴ ከተትኩት፤
ሰው የሞረደው ነው፣ ማታ ላይ አወቅኩት።

ዘርፌ፣ አፈር አንባቢ፣ ገመዷን ዘርግታ፣
ጉብታውን ከፋፍላ፣ ካስማዋን መትታ፣
እኔን ቀጠረችኝ ያንኑ እንድቆፍር፤
ግን በማንኪያ፣ በብሩሽ፣ በትንሽ፣ በክብር።

«ይህ ጥቁሩ መስመር ወንዙ ያደረበት፤
ከላይ ነጩ ደግሞ ነፋስ የደፋበት።
ወንዙ መጥቶ ሲሄድ፣ ደለሉን ሲያነጥፍ፣
ሰው ተከትሎት መጣ ከአጠገቡ ሊያርፍ።
ከአፋር ሜዳ ወጥቶ ነፋስ ጉልበተኛ
አሸዋ ከመረ እንደ ግመል ሻኛ፤
ሰዎች በስተጀርባው መጥተው ተጠለሉ፣
ዓሣ እየጠበሱ ባልጩት ፈለፈሉ።
ወንዙ ሲቆጣቸው ወደ ጉብታው ወጡ፤
ነፋስ ሲገፋቸው ወደ ወንዙ ሮጡ።
እንደ ሁለት እናት፣ እንደ ጣውንት ነገር፣
አንዷ ስትነሳቸው ሌላዋ ሰጠች አገር።»

አንድ ክረምት ግን ወንዙ አልጋውን ቀየረ።
ለምን? ዘርፌም አታውቅም።
(«አላውቅም» ስትል ደስ ይለኛል፤
አላውቅም የሚል የተማረ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።)
ውሃው ሲሸሽ ሰውም ጓዙን ጠቀለለ፤
አሸዋው ብቻ ቀረ፣
ምድጃውን ከነአመዱ አልብሶ፣
ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተበሳች ጨሌ፣
ክሯ የበሰበሰ፣ በመዳፉ ጨብጦ።

«የጉብታው ግማሽስ የት ሄደ?» አለችን።
ሙህዬ ጉሮሮውን ጠረገ።
እኔ መሬት መሬት አየሁ።
በቀን አራት ሲኖ፣ ስድስት ዓመት፤
ማን ቆጥሮት?
እኛ የምንቆጥረው ብሩን ነበር።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ሉባባ ተኝታለች።
ግድግዳዬን የለሰንኩት በዚያው አሸዋ ነው፣
ከመጨረሻው ጭነት አስቀርቼ።
ባትሪ አብርቼ ዳበስኩት፤ ከጥግ እስከ ጥግ፣
እንደ ዕውር፣ በመዳፌ።
ከመስኮቱ በታች አንድ ነጭ ነገር፣
ክብ፣ የጥፍር ታህል፣
ቀዳዳዋ በሲሚንቶ የተደፈነ።

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ሌሊት?» አለች ሉባባ።
«ደባል አለን» አልኳት።
«ኪራይ ይከፍላል?»
«እኛ ነን ያልከፈልነው።»

ዞር ብላ ተኛች።
ውጭ ነፋሱ ከአፋር በኩል ተነስቷል፤
በበሩ ሥር፣ ቀስ እያለ፣
አሸዋ ያስገባል።
ጠዋት ትጠርገዋለች።