ሃያ ሁለት ሜትር

ሃያ ሁለት ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ የለም፤
እንኳን ለመርከብ ሆድ፣ ለሕልምም አይጠልቅም።
የመንደራችንን ቤተ ክርስቲያን ብታቆመው ከወለሉ፣
የጉልላቱ የብረት ዶሮ ሳይረጥብ ይቀራል ሙሉ በሙሉ።
ለዚህ ነው ትንሽ የተሠራችው የእኛይቱ ሰርጓጅ፤
ውቅያኖስ የለመደ ግዙፍ አይዞርበትም በዚህ ደጅ።

ሃያ አንድ ሰው ነን፣ አልጋው አሥራ አንድ፤
አንዱ ሲነሣ ሌላው ይገባል በሰው ገላ በሞቀ ጉድጓድ።
ዳቦው ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ሹራቡ ናፍጣ፤
ሚስቶቻችን በጠረን ያውቁናል ከበር ሳንመጣ።

ሥራችን ይኸው ነው፦ መተኛት፤
ሞተር አጥፍቶ፣ ሆድን ከደለል አጣብቆ፣
ድንጋይ መምሰል፣ ድንጋይ መሆን፣ እንደ ድንጋይ መስማት።
የባልቲክ ውሃ ድርብ ነው፤ ጨው የበዛው ከታች፣ የቀለለው ከላይ፤
ድምፅ እንደ ዋሾ ምስክር ይታጠፋል፤ መጣሁ ይላል ሳይመጣ፣ ሄድኩ ይላል ሳይለይ።
የሚፈልጉን ሶናር ቢያስጮኹ፣ ከወለል ነጥሮ ከጣራ ተጋጭቶ
ሺህ ሆኖ ይመለሳል፣ እኛን ከዓለት ሳይለይ፣ ተምታቶ።

እኔ አዳማጭ ነበርኩ። ባሕሩን ሁሉ በጆሮዬ ለብሼ፣
የሄሪንግ መንጋ ሲተነፍስ ጠላት ብዬ ደንግጬ፣ አፍሬ ተመልሼ።

በኅዳር አንድ ሌሊት ከምሥራቅ አጥፊ መርከብ መጣ፤
ሁለት ፕሮፔለር፣ ቀስ ያለ ዙር፣
እንደሚያስብ ሰው ሲሄድ ሲቆም፣ ከላያችን አልወጣ።
ምግብ አብሳዩ ማንኪያውን በካልሲ ጠቀለለ፤
ጉንፋን የያዘው ላውሪትስ ትራሱን ነክሶ፣ ሳሉን እንደ ዕዳ አዘለ።

ያኔ ነው ሌላ ድምፅ የሰማሁት።

ጡክ፣ ጡክ፣ ጡክ-ቲ...
አሮጌ ሞተር፤ ከፕሮፔለሩ ሦስት ክንፍ አንዱ የተሸረፈ።
በሐምሌ ከባገንኮፕ ወደብ ድንጋይ ሲላተም መሪውን የያዝኩት እኔው ነበርኩ፤
ስድቡ አልፎ፣ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተረፈ።
ቶርኪል ነው፣ ታላቅ ወንድሜ፤ መረቡ ወለሉን እየጠረገ፤
የሰንሰለቱ ፍቅፍቅታ ቀጥ ብሎ እኛን ፈለገ።

በወረቀት ጻፍኩ፦ «ዓሣ አጥማጅ። መረብ። ወንድሜ።»
ካፒቴን ፕሬበን አነበበ፤ እርሳሴን ነጥቆ
«ዝም» ብሎ ጻፈ፤ አንድ ቃል፣ አንድ ዕድሜ።
ብንነቃነቅ ከላይ ያለው ይሰማናል፤ ዝም ብንል መረቡ ይይዘናል፤
ሰርጓጅ የያዘ መረብ ጀልባን በኋላዋ ይደፋታል፤ ይህን ማን ያጣዋል።

ያዘን።

ጀልባይቱ ወደ ኋላ ስትጎተት ሞተሯ ሲያቃስት ሰማሁ፤
ሁለት የአንድ እናት ልጆች በአንድ ገመድ ታስረን፣
የሚያውቀው አንዱ ብቻ፣ እኔ፤ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ።
ከዚያ መጥረቢያ። አንዴ። ሁለቴ።
ገመዱ ተበጠሰ፤ ድምፁ እንደ በገና አውታር ጆሮዬን ሰነጠቀ፤
ጡክ፣ ጡክ፣ ጡክ-ቲ... ቀለል ብሎት፣ ወደ ቤቱ ራቀ።
አጥፊውም ሲነጋ ሰልችቶት ሄደ። ላውሪትስ እስከ ምሳ ሰዓት ሳለ፤
ማንም ዝም በል አላለውም፤ ያ ሳል የሁላችንንም ደረት አቀለለ።

እሑድ ማዕዱ ላይ፣ ድንቹ ሲዞር፣ ቶርኪል ነገሩን ሲያጋንን፦
«ካርታ ላይ የሌለ ድንጋይ በላው፣ የስምንት ሺህ ክሮነር መረቤን!»
እኔ ድንጋዩ፣ «ጨው አቀብለኝ» አልኩት።
የብርዱን ወራት በሙሉ አዲሱን መረብ አብሬው ቋጠርኩት።
«ምን ነካህ፣ እንዲህ ደግ ሆንክ?» አለኝ፤
«ፕሮፔለርህን ሸርፌብህ» አልኩ፤ እውነቱ ራሱ ውሸት ውስጥ ሸሸገኝ።

ዛሬ ሰርጓጅዋ ሣር ላይ ናት፣ ለጎብኚ፤ ልጆች ሆዷን በቡጢ ያንኳኳሉ፤
«እዚህ ውስጥ? ሃያ አንድ ሰው?» ይላሉ።
ቶርኪልን በመጋቢት ቀበርነው።
ሚስቱ ሪግሞር የትምባሆ ቆርቆሮውን ሰጠችኝ፤ «ላንተ ነው ብሎኛል» አለች።
ከውስጡ ማዕበል ያወጣው የመረብ ቁራጭ፣
ቋጠሮው ላይ የእኛው ጥቁር ቀለም ደርቆበት።
ባሕር ውስጥ ድንጋይ ማን ቀለም ቀብቶት?

አውቆ ኖሯል። ማንም «ዝም» ብሎ ሳይጽፍለት፣
ሠላሳ ዓመት፣ በየእሑዱ፣
ጨው አቀበለኝ።