ጉርድ ፎቶ

ጦሳ የጉም ጋቢውን ገና አላወለቀም፤
የሙሄ ባጃጅ ያስላታል፣ በአንድ ጊዜ አትነቃም።
ድምፅ ማጉያው በሽቦ ታስሯል ከጣራዋ ላይ፣
ወረቀቱ በላስቲክ ነው፣ የደሴ ካፊያ ሳይታይ
ነውና የሚያበሰብሰው።

«የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች!»
እላለሁ። ነዋሪ አይታየኝም።
የጀሪካን ኳኳታ፣ የቆርቆሮ በር ሲንቋቋ፣
አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ከግንብ ወዲያ፤
ሌላው ሁሉ ጉም ነው።
ለጉም ነው የምናገረው፣ ጉም ደግሞ መልስ የለው።

«ሥራ ያጣችሁ፣ ከሥራ የተቀነሳችሁ፣
በየቀበሌያችሁ ይመዝገብ ስማችሁ፤
የነዋሪነት መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ ሁለት፣
ሥልጠናው ያለ ክፍያ፣ ብየዳ ወይም ስፌት፤
ከዚያ በኋላ ብድር፣ መቆጠብ ለጀመረ፣
መሥሪያ ቦታም በኪራይ፣ ለተደራጀ፣ ለተባበረ…»

ብዙ ስላነበብኩት በቃሌ ወጥቼዋለሁ፤
ሌሊት «ጉርድ ፎቶ ሁለት!» እያልኩ እባንናለሁ።

ከመናፈሻ ቁልቁል ስንወርድ አንድ በር ተከፈተ፣
ጉሙን እንደ አቡጀዲ የሴት ድምፅ ሸረከተ፤
«አንተ የባጃጁ! ዋስ የሌለውስ?»
ሙሄ ፍሬን ያዘ።
ወረቀቱን ገለበጥኩ። ጀርባው ባዶ ነው።

ቀርቤ አየኋት፤ ሸምሲያ ትባላለች፣
ሐረጎን አራት ዓመት ወርዳ ወጥታለች፣
ኮምቦልቻ፣ ከፓርኩ፣ የባሕር ማዶ ሸሚዝ ስትሰፋ፤
ትዕዛዝ ቀረ ተባለ፣ መብራቱ መስመር በመስመር ጠፋ።

«ሸሚዝ እንኳ አልሰፋሁም» አለችኝ፣ እጇን እያየች፤
«ግራ እጅጌ ነው። አራት ዓመት፣ ግራ እጅጌ ብቻ።
ቀኙን ማን እንደሚሰፋው ያወቅኩት በምሳ ሰዓት ነው።
አሁን ማን ይቀጥረኛል፣ ለግራ እጅጌ?»

አምስት ሆናችሁ ከመጣችሁ አንዷ ለአንዷ ዋስ ናት፣ አልኳት።
ሳቀች።
«አምስት ባዶ ኪስ ቢገጣጠም አንድ ሙሉ ኪስ ይወጣዋል?»
ምን ልበላት? አብሽሪ አልኳት።
አብሽሪ ከወረቀቱ ላይ የለም።

ሐሙስ ቀበሌ ስገባ ወረፋው በሩን አልፏል።
ሸምሲያ አለች፤ ከኋላዋ ወርቅያንሱ፣ የቀኝ እጅጌዋ፤
ከሷ ቀጥላ ኮሌታ፣ ዘውድነሽ የሐይቋ፤
ቁልፍ ትተክል የነበረች፣ ልጅ ያዘለች፣ ስሟን ያልያዝኩላት፤
መጨረሻ ላይ መዲና፣ ትርፍ ክር ቆራጯ፣
መቀሷን እንደ መታወቂያ ደረቷ ላይ ይዛ።

መዝጋቢው አቶ ይመር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣
«እናንተን ምን አገናኛችሁ?» አለ።
«አንድ ሸሚዝ» አለች ሸምሲያ።
እስክሪብቶው ቆመ። ቅጹ ለሸሚዝ ቦታ የለውም።
«የጋራ ሙያ» ብሎ ሞላ፣ ግድግዳውን እያየ።

ብድሩ ወዲያው አልመጣም፤ ማኅተም ያዢው ስብሰባ ነው፣
የዘውድነሽ መታወቂያ ጊዜው ያለፈበት ነው፣
ሼዱም መብራት አልገባለትም ይላሉ። ለማክሰኞ ተቀጠሩ።
እኔ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ፦
ደጃፍ ላይ ቆመው ሳለ መዲና መቀሷን ከፍታ
ከሸምሲያ ቀሚስ ጠርዝ አንዲት ትርፍ ክር ቆረጠች፣
ማንም ሳይቀጥራት።

የኔ ውል ሰኔ ሠላሳ ያልቃል።
ለሙሄ አልነገርኩትም፤ ሳልነግረውም ያውቃል።
ትናንት ፒያሳ ወጥቼ፣ ፎቶ ቤት ገብቼ፣
በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ ትከሻዬን አቅንቼ።
«ለምን ጉዳይ ነው?» አለ ልጁ። «ሁለት ጉርድ» አልኩት።
ኮሌታዬን አስተካከለልኝ።
ታትሞ ሲወጣ አየሁት፦ ፊት፣ ኮሌታ፣ አንድ ቁልፍ፤
ከዚያ ወዲያ ተቆርጧል።
ጉርድ ፎቶ እጅጌ አያሳይም።