ቃለ ጉባኤ

አጀንዳ አንድ፣ የቦይ ጠረጋ፤
አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ በጭብጨባ ተዘጋ።
አጀንዳ ሁለት።
ቀን ጻፍሁ፣ ሰዓት ጻፍሁ፣ የተገኘውን ሰው ቆጠርሁት፤
መቶ አርባ ወንበር፣ የቆመው ሳይደመር።
ነፋሱ ከጣና የቆሮሶ ሽታ ይዞ በመስኮት ሲሻገር
ወረቀቴን አነሣው። በክርኔ ተጫንሁት።

«ባለፈው ዓርብ በግርግሩ» አለ ሰብሳቢው፣ መነጽሩን እየወለወለ፣
«ሕይወቱ ስላለፈው ወጣት...»
ጻፍሁ፤ ሕይወቱ አለፈ።
አለፈ፤ የወረታ አውቶቡስ ፌርማታውን እንደሚያልፈው፣
ማንም እጁን ዘርግቶ ሳያስቆመው፣ ማንም ሳይሳፈረው።

ኢንስፔክተሩ ተነሣ፣ ኮፍያውን በብብቱ እንደያዘ፤
«ድንጋይ ተወረወረ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ።»
ተቀመጠ፤ ግንባሩን በመሐረብ አበሰ።

የሒሳብ መምህሩ ላቀው፣ ጠመኔ የነካውን ኮት እየቆለፈ፤
«ሰማይ ከመቼ ወዲህ ነው እስከ ልጅ ደረት የወረደው?»
ዓሣ አጥማጁ ቢያድግልኝ ቀጠለ፣ ተራ ሳይጠብቅ፤
«ታንኳዬ ላይ ነበርሁ። ውኃ ድምፅ አይደብቅ።
ሰባት ቆጠርሁ።»
«ሦስት ቀልሃ ነው የተገኘው።»
«አራቱን ማን ለቀመው?»

«እጅ ያወጣ ብቻ ይናገር» ቢል ሰብሳቢው፣
«እጅ ስናወጣ ነው የተተኮሰው»
አለ አንድ ጎረምሳ ከጥጉ። ስሙን ስጠይቀው ፊቱን አዞረ።
«አንድ ተሳታፊ» ብዬ ጻፍሁት።
ወይዘሮ እናንየ፣ «የሱቄ መስታወት ዱቄት ሆኗል፤ የእሱስ አጀንዳ የለም?»
አዳራሹ አጉረመረመባት። እሷም ግን አልዋሸችም።
ከልጁ ሥር መስታወት መጻፍ እጄን ከበደው፤
ተራዋ ነበርና ጻፍሁት፣ ከነዋጋው።

«ልጁ ሰልፉን ሊያይ ነው የወጣው፣ ወይስ ሊሰለፍ?»
ግማሽ ሰዓት ፈጀ ይህ፤ አንዱ ሲነሣ አንዱ ሲያርፍ።
ብስክሌት አከራዩ ይርሳው ማለ፤ «ሊያይ እንኳ አልነበረም፤
የኪራይ ሒሳብ ይዞ በዘንባባው መንገድ ሲመለስ ነው፤ ሌላ የለም፤
ብስክሌቷ እነሆ፣ ሰንሰለቷ እንኳ አልወለቀም።»
ራሶች ተነቀነቁ። ንጹሕ ሊያደርጉት ነው፤ ታየኝ፤
በሙሉ ድምፅ ሊያጸድቁት።
ያኔ እናቱ፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፤
«ቢሰለፍስ?»
ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ፣
«የተኳሹ አክስት ነኝ» አለች። ወንበሮች ሲጢጥ አሉ።
«ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዓርብ ወዲህ እህል አልቀመሰም።
ይጠየቅ፤ አልሸሽገውም።
ግን ተኩስ ነበር፣ ተኩስ ነበር ትላላችሁ፤
‹ተኩስ!› ያለውስ ማን ነበር?»
ኢንስፔክተሩ የኮፍያውን ጠርዝ በጣቱ ዞረው፣ እንደገና ዞረው።

በዕረፍቱ ሰዓት ብቻዬን የጻፍሁትን አነበብሁ።
በእኛ ቋንቋ ግስ ባዶ ሆዱን ከቤት አይወጣም፤
ገደለ ስትል፣ ውስጡ ሰው አይታጣም።
ያን ሰው በጓሮ በር የምታስወጣ አንዲት ፊደል ናት፤
ተ።
ተወረወረ፣ ተሰጠ፣ ተተኮሰ፣ ተገደለ፤
ገጹን ሞልታዋለች፤ በየመስመሩ መስቀል መስላ ቆማ፣
የምጽፍ ሳይሆን መቃብር የምቆጥር እስኪመስለኝ።
አንዷን ልሰርዝ እስክርቢቶዬን ሳነሣ፣
«ሰዓት ሄዷል፤ አንብቢልንና ይጽደቅ» ተባለ።

ቆሜ አነበብሁ። ድንጋዩን፣ ሰማዩን፣ ቀልሃውን፣ መስታወቱን።
«የሟች ስም» ከሚለው ስደርስ፣
እናቱ በአራስ ቤት ያወጣችለትን፣
ከእሱ በፊት ሁለት ቀብራ፣
ድምፄን ከፍ አድርጌ፤
«አትንኩት» አልሁ።

በሩ ላይ ክላሽ ያነገተው ወጣት ፖሊስ፣
ከሌላ ከተማ ትናንት ተመድቦ የመጣ፣ የልጁን ስም የማያውቅ፣
ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ቀጥይ» አለ ሰብሳቢው።