ባይነካም ይጻፍ

ከሐርቡ ወዲህ፣ ከየጎፍ ወዲያ፣
አንበጣ የመጣ ሰሞን ሰማዩ ሆነ ገበያ።
መድኃኒት የሚረጭ፣ ካርታ የሚያነሳ፣
ክንፉን ሊፈትን ገና ማለዳ የተነሳ፤
ሁሉም ትንንሽ፣ ሁሉም ባለ አንድ ሞተር፣
ኮምቦልቻ አንድ መንደርደሪያ ላይ ተራውን ሲቆጥር፤
እኔ ከማማው ላይ፣ ከመስታወቱ ጓዳ፣
አንድ ራዲዮ፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ጥጉ የተሰበረ ሰሌዳ፣
እንደ ሰርግ ቤት አሳላፊ እንግዳ አስተናብራለሁ፤
«አንተ ቆይ»፣ «አንቺ ግቢ»፣ «ሦስተኛው፣ አየሁህ» እላለሁ።

ከነዚህ መካከል ኑርልኝ አለበት፤
እናቱ ሦስት ቀብራ፣ ለአራተኛው
ልመናዋን ስም አድርጋ ያወጣችለት።

ያን ረቡዕ ግን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ላይ፣
የቦርከና ነፋስ አቧራ ሲያጎርፍ ወደ ሰማይ፣
አጥር ጥሳ ገባች አንዲት ቡላ ጊደር፤
ዐይኔ ወርዶ ተሰካ ከአስፋልቱ ዳር።
አንድ ትንፋሽ ያህል።

ቀና ስል ሁለት ናቸው፤ አንድ መስመር ይዘው የሚወርዱ፣
እንደ ሰውና ጥላው ተደራርበው የሚሄዱ።
የላይኛው ክንፉ ከሆዱ ሥር ነው፤ ታቹን አያይም፤
የታችኛው ክንፉ ከአናቱ ላይ ነው፤ ላዩን አያይም።
የላይኛውን ጠራሁት፤ ራዲዮው ዝም።
ደግሜ ጠራሁት። ዝም።
«ኑርልኝ፣ ወደ ቀኝ! ኑርልኝ፣ ወደ ቀኝ!»
ስሙን ነው የጠራሁት? ወይስ ለመንኩት? እንጃልኝ።

አለፉ።
በመሃላቸው አንድ ጆፌ ክንፉን ሙሉ አይዘረጋም።
ማንም አልሞተ፤ ማንም አልደማም።

ማታ «አላህ አተረፈ»፣ «ማርያም ደረሰች»፣
ተባባልንና ነገሪቱ እዚያው ተቀበረች።
እኛ ዘንድ ስህተት የጎረቤት ገመና ነው፤ ያየ አያወራው፤
ያወራ እንደሆነ ደሞዙ ነው የሚቆረጠው።
ዛሬ የተከደነው ነው ግን
ነገ ከነክንፉ የሚወድቀው።

በማግስቱ የልጄን የሒሳብ ደብተር፣
ባዶ ገጹ የተረፈውን ይዤ ወረድኩ ወደ ሃንጋር።
የመጀመሪያው መስመር የኔ ነው፤ እንዲህ ይላል፦
«ዐይኔ ጊደር ላይ ነበር። ሰማዩን ለቀቅኩት። ነገሩ ከኔ ይጀምራል።
ተዋበች እንድሪስ።»

ዝም አሉ።
ሙሔ መካኒኩ እጁን በቡትቶ ጠራረገ፤
ደብተሩን ተቀብሎ፣ ቆሞ፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረገ፦
«የራዲዮዋ ሽቦ መላላቱን አይቼ ነበር። ነገ አልኩ።
ነገ መጣ፤ እኔ አልመጣሁ።»
ኑርልኝ፣ ፊደሉ እየተንቀጠቀጠ፦
«ዙሬን ሳልናገር ገባሁ። መጠየቅ አፈርኩ።»
ጋሽ ዋጋዬ፣ የመርጫዋ አብራሪ፣
ሠላሳ ዓመት የበረረ፣ ስምንት ቀን አልጻፈም።
እኛም አልጠየቅነውም።

ኃላፊው መጥቶ አነበበና «ቅጣቱስ?» አለ።
«ማንበብ ነው» አልነው። ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

አሁን ሦስተኛው ደብተር ነው፤ የዘይት እድፍ አለበት።
ጆፌው ከቆዳ ፋብሪካው ሰማይ የሚነሳበት
ሰዓቱ ተጽፏል፤ ተማሪ ያኔ አይነሳም።
የጊደሯ ባለቤት አባ ሰይድም
ፊደል ባይቆጥሩ አውራ ጣታቸውን አተሙ፦
«አጥሩን የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ ሣር አጥታ አላየኋትም።»
የሜዳውን ሣር አጨዳ ለሳቸው ሰጠናቸው፤
አጥሩን የጠገኑት ራሳቸው ናቸው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከገጹ ግርጌ፣ በጋሽ ዋጋዬ እጅ፦
«ራዲዮው ሐርቡ ላይ ዝም ማለቱን ሰምቻለሁ።
መንገዱን አውቀዋለሁ ብዬ ገባሁ።»
ሌላ የለውም። ቀኑን እንኳ አልጻፈበትም።

አመሻሽ ላይ ራዲዮው ይንኮሻኮሻል፦
«ማማ፣ ኑርልኝ ነኝ። ከሐርቡ በኩል፣ ሰባት ሺህ ጫማ ላይ።»
ከወንበሬ እነሳለሁ። እፈልገዋለሁ። መስታወቱን በእጄ ጠርጌ
ከየጎፍ ጥላ ውስጥ ያቺን ነጥብ እስካገኛት እቆያለሁ።
«አየሁህ» እለዋለሁ።

ድሮ ሳላይም እል ነበር።
እሱንም ጽፌዋለሁ።