ረጅሙ ሒሳብ

ሁለት ሒሳብ አለ በእኛ ትምህርት ቤት፤
ስማቸው ይኸው ነው፣ ሰምና ወርቅ የለበት፦
አንደኛው አጭሩ፣ ሌላው ረጅሙ።
አርብ ስምንት ሰዓት፣ ሳይደርቅ ቀለሙ፣
ቅጹ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ
የለም በካያኒ። እኔ ቪልያ ነኝ።
ረጅሙን ጀምሬው፣ ከአሥር ዘጠኝ አግኝቼ፣
ዓመት ተቀመጥኩበት፤ ሳይከብደኝ፣ ሰልችቼ።

ቢከብደኝ ይሻል ነበር፤ ለከበደው ይታዘናል፤
ቀሎት የሰለቸው ሰው ለማን አቤት ይላል?
መምህሩ በሰሌዳው ቀስት በቀስት ሲያስከትል፣
እኔ በመስኮት ወጥቼ በረዶ ጠራጊ ስከተል፣
ከመኪኖቹ የኋለኛው አባቴ ነው፤
ብርቱካን መብራቱ ዞሮ ግድግዳችንን ሲነካው
ለአንድ አፍታ ሰሌዳውም የሞቀ ይመስላል።
ከዚያ ያልፋል።

አማካሪው አስኮ ደግ ሰው ነው፣ ሠንጠረዥ ይወዳል፤
«ረጅሙ» ይለኛል «ከሁሉ በላይ ነጥብ ይወልዳል።
ጠበቃም ሁኚ፣ ነርስም፣ የሙዚየም ሠራተኛ፣
ቁልፉ ይኸው አንድ ነው ለሁሉም መንገደኛ።»
ቁልፍ፣ ቁልፍ ይላል።
እኔ ግን በሩን አልነበረም የጠየቅሁት፤
ክፍሉን ነው፣ ገብቼ የምቀመጥበት።

በዚያው ሰዓት ደግሞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ
ሂሌቪ ድንጋይ ታስተምራለች።
ግራጫ፣ ተራ ጠጠር መዳፍሽ ላይ ስታስቀምጥ
«ዕድሜውን ገምቺ» ትላለች።
«ሺህ ዓመት?» አልኳት አንድ ቀን። እስክታስል ሳቀች።
«ሁለት ቢሊዮን ከምናምን» አለች።
ከዚያ ሁሉ ቁጥር የወደድኩት «ምናምን»ን ነው፤
በረጅሙ ሒሳብ እንዲህ ያለ ቃል ማን አየው?
በሯ ላይ ወረቀት አለ፦ «ስምንት ስም ካልሞላ ክፍሉ ይዘጋል።»
ቆጠርኩ። ሰባት ተጽፏል።

ማታ አባቴን ጠየቅሁት፣ ቦቱን ሳያወልቅ፣
የጺሙ በረዶ ምንጣፉ ላይ ሲደቅ፦
«አንተ የትኛውን ተማርክ?»
«አጭሩን።»
«ደስ ይል ነበር?»
«እሱም ረጅም ነበር።»
ሾርባውን ጨረሰ። ቆይቶ፣ ማንኪያውን እያገላበጠ፣
«መሰልቸት ብቻውን ምክንያት አይሆንም» አለ፣ አፈጠጠ፤
«ደስታም ብቻውን...»
ሳይጨርሰው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።
ሌሊት በአሥር ሰዓት ተነሥቶ የሚጠርግ ሰው ነው፤
የጠረገውንም በረዶ መልሶ ይለብሰዋል።
አልቀሰቀስኩትም። ምናልባት ፍጻሜውን ራሱም ረስቶታል።

ሌሊቱን ወሰንኩ፦ ስምንተኛዋ እኔ ነኝ!
እንዴት ደስ እንዳለኝ፤ ለራሴ እንኳ መሰለኝ
ስለ ሰባት ልጆችና ስለ አንዲት መምህርት ብዬ
ነጥቤን የሠዋሁ። ለአስኮ የምመልሰውን በቃሌ
አጠናሁት፣ አሳጠርኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ደገምኩት፤
በመጨረሻ እኔም አመንኩት።

አርብ ጧት ወረድኩ። ስምንተኛው መስመር ተሞልቷል።
ኦይቫ፣ ይላል።
ረጅሙን ሒሳብ እንደ ውኃ የሚጠጣው ኦይቫ፣
ክፍል ሳይገባ፣ ቤቱ አንብቦ የሚያልፈው ኦይቫ።
ክፍሉ ድኗል። እኔ ባልኖርም ድኗል።
ታዲያ ምን ሆኜ ነው ፊቴ የቀላው፣ ሆዴ የባሰው?
ሰበቤን ነው የወሰደው።

አሁን የሚድን የለም፣ የሚሠዋ የለም።
ዘጠነኛ መስመር አለ፣ ባዶ፤ ማንም አይፈልገውም
ከእኔ በቀር፣ እኔም ከፈለግሁት።
ነጥቡ ቢጎድል፣ በሩ ቢዘጋ፣ ሒሳቡን የምከፍል
እኔው ነኝ፤ «ለእነሱ ብዬ ነው» የማልል።

እርሳሱ በክር ታስሯል። ክሩ አጭር ነው፤
ለመጻፍ ጎንበስ ማለት ግድ ነው።
ጎንበስ አልኩ። የስሜን መጀመሪያ ስጽፍ ጫፉ ተሰበረ።
ቦርሳዬን ከፍቼ
የሒሳብ እስክሪብቶዬን መፈለግ ጀመርኩ።