የመጥረጊያ እጀታ

ከራሴ በላይ ናት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፤
እኔ ከሥር ያለሁ፣ ጣሪያ ጣሪያ የማይ።
አገሩ ትሪየስቴ ነው፤ ክረምቱ ሲቆጣ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ሲመጣ፣
ማዘጋጃ ቤቱ ገመድ በየዳገቱ ይዘረጋል፤
ሰው በእጁ እየሳበ ቤቱ ይገባል።

ኦንዲና ሥራዋ ጥርስ ነው። ሰሙን በእሳት አለስልሳ፣
መንጋጋ አስመስላ ቀርጻ፣ ጄሶ አልብሳ፣
ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁን በቦታው አፍስሳ፣
ትውላለች ለባዶ አፍ ሣቁን መልሳ።

ማታ ግን ፒያኖ። ሃያ ስድስት ዓመት የሌላ ሰው ዜማ፤
ከደብተሩ ያለው፣ ሳይጎድል፣ ሳይለማ፣
እራቴን ስበላ ከበላይ ሲሰማ
እንደ ቧንቧ ድምፅ ነው፤ ለምጄዋለሁ፣ አይከፋኝማ።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ኅዳር ነው።
ደረጃ ላይ ቆማ፣ «አቶ ሊቤሮ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤
የራሴን ልጽፍ ነው፤ ይታገሡኝ እባክዎ።»
«የራስዎን ምን?» አልኩ። «ሙዚቃ» አለች፣ ፊቷ ቀላ፤
በሐምሳ አራት ዓመቷ፣ እንደ ተማሪ ልጅ ቁልፏን ከእጇ ጥላ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም።
አራት ድምፅ ትመታለች። ታቆማለች። ዝም።
ደግሞ አራቱን። አምስተኛው መጣ ስል፣ አይመጣም።
ማንኪያዬ አየር ላይ ቀርቶ ሾርባው በረደ፤
ባልተጨረሰ ሐረግ ስንቱ ሰው አበደ!

በገና ሰሞን ሆነላት። አንድ ሙሉ ዜማ፣
ክብ፣ ለስላሳ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚስማማ።
ሮጣ ወረደች፣ ባንድ እግሯ ጫማ፦
«ሰሙት?»
ሰምቼዋለሁ።
ኧረ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤
በየበጋው ባርኮላ ዳር፣ የአይስክሬሙ ጋሪ የሚደውለው ነው።
ልዋሽ አማረኝ፤ አፌ እምቢ አለ።
«ጋሪው» አልኳት። ቆመች፤ በአፏ ለራሷ አዜመችው፤
እስከ መጨረሻው ሄዳ፣ እዚያው ደጃፌ ላይ፣ አወቀችው።
«እጄ» አለች፣ «በለመደው መንገድ ይሄዳል፤
የፈጠርኩ ሲመስለኝ ሰው ቤት ይገባል።»
ከዚያም ቀስ ብላ፣ ጫማ የሌለውን እግሯን እያየች፦
«ይሄ ሰሙ ነው። መቅለጥ አለበት።»

ጥር ላይ፣ ቦራ መስኮት ሲደበድብ፣ እኩለ ሌሊት፣
ያችኑ አራት ድምፅ ስትመታት፣ ስትመታት፣
ጥርሴን ነከስኩ፤ እሱም የእሷ ሥራ ነው፣ የላይኛው ረድፍ በሙሉ።
መጥረጊያዬን ገለበጥኩ፤ በእጀታው ጣሪያውን፦
ቋ። ቋ ቋ።

ዝምታው ከድምፁ ይልቅ ረዘመ፤
አልጋዬ ጠርዝ ተቀመጥኩ፤ ሕሊናዬ ታመመ።
ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤት፣
አንድ ቀን እንኳ ቡና ጠጪ ብዬ ያልጠራኋት፣
ዛሬ በዱላ ላናግራት?

ከዚያ ከላይ፣ በወፍራሙ በኩል፣ በግራ እጅ፦
ዱ። ዱ ዱ።

መለሰችልኝ!
ደግሜ መታሁ። ለንዴት ይሁን ለሌላ፣ እኔም አልገባኝ።
ዱ። ዱ ዱ፤ በላዩም አራቱ ድምፆች፣ እንደ ሰው
ገመድ ጨብጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዳገቱን ሲወጡ፤
ግራው ያዘ፣ ቀኙ ቀደመ፤
አምስተኛው መጣ።
ከየት እንደመጣ እንጃ። ከጋሪው ግን አልመጣ።

በፋሲካ ወረቀቱን አመጣችው፤ መስመር የተሰመረ፣
በእርሳስ የተጻፈ፣ በላጲስ የጠቆረ።
አራተኛው መስመር ላይ አንድ ክፍል ባዶ ነው፤
ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት፦ «እዚህ ላይ መጥረጊያ።»
«እረፍት ነው» አለችኝ። «ለእርስዎ የተተወ።»

ሐሙስ ሐሙስ የጥርስ ቤቱ ባልደረቦቿ ይመጣሉ፤
ሦስት ናቸው፣ ወንበር ሲጎትቱ ይሰማሉ።
እኔ አልወጣም። ቦታዬ ከሥር ነው።
ክራባት አስሬ፣ መጥረጊያ ጨብጬ፣ በከንፈሬ
እቆጥራለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አጉል ሳል ያዘኝና
ዘገየሁ።
ጠበቀችኝ።